ከአልዩ አምባ አንኮበር፦ የድሮ ካርታን ወደ ጌም የማስገባት ሥራችን የት ደረሰ?

ደብረ ብርሃን ሆነን ከጓደኞቼ ጋር የምንሠራው የሲራራ ነጋዴ ጌም ነው። ዘመኑ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነው፤ ተጫዋቹ አሞሌ ጨው ጭኖ ከአልዩ አምባ ገበያ ይነሣና አንኮበር ይወጣል። መንገዱን በግምት መሣል አልፈለግንም፤ ስካን የተደረጉ የድሮ ካርታዎች በነፃ እየተገኙ ለምን ብለን?

ካርታውን ኪው ጂ አይ ኤስ (የካርታ ሥራ ሶፍትዌር) ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ጠርዙ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ካርታዎች ኬንትሮስ የሚቆጥሩት ከፓሪስ ነው። ከግሪንዊች ጋር ያለው ልዩነት 2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ነው፤ ይህ ካልተደመረ አንኮበር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ሸሽታ ሆሮ ጉዱሩ ላይ ታርፋለች። አገራችን ያሳተመችው የ1፡50,000 ካርታ ደግሞ አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የቦታ ቁጥር የሚሰላበት መነሻ) የተሠራ ነው። የዩቲኤም ቁጥሩን (ቦታን በሜትር የሚገልጸውን) ሳትቀይሩ እንደ ጂፒኤስ ቁጥር ከወሰዳችሁት ከ200 ሜትር በላይ ያዛንፋል። ጣርማበር ላይ 200 ሜትር ደጋውን ከገደሉ የሚለይ ርቀት ነው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን መቆንጠጫ ነጥብ፣ ማለትም የድሮው ካርታ ከዛሬው ቦታ ጋር የሚያያዝበትን ነጥብ፣ መምረጥ ነው። ከተማ አይታመንም፤ አንጎለላ የቤተ መንግሥት መቀመጫ የነበረች ናት፣ ዛሬ ግን ትንሽ ቦታ ናት። ቆላ ላይ ያሉ ወንዞችም አሸዋው ላይ መንገዳቸውን ይቀያይራሉ። የሚያስተማምነው ጥልቅ ገደል ውስጥ ያለ የሁለት ወንዞች መገናኛ ነው፤ ድንጋዩ አያላውሰውም። ቀጥሎ የቆየ ቤተ ክርስቲያን፤ ሕንፃው ቢታደስም ቦታው ብዙ ጊዜ ያው ነው።

ከፍታን ከድሮ ካርታ አትጠብቁ። ተራራው የተሣለው በጭረት ነው፤ ጭረቱ ሲጠቁር ቁልቁለቱ በረታ ማለት ነው እንጂ ሜትር አይነግራችሁም። ስለዚህ ከፍታውን በ2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር በራዳር ከተለካው ኤስአርቲኤም ከሚባለው የከፍታ መረጃ ወስደን፣ የመንገዱን መስመርና የቦታ ስሙን ከካርታው አመጣን። ሁለቱ ሲደራረቡ የአንኮበር ዳገት ጭረት ከከፍታው ጋር ሲገጥም ማየት እጅግ ደስ ይላል! አሁን የበቅሎዋ ፍጥነት የሚወሰነው በእውነተኛው ተዳፋት ነው።

በጣርማበር ዋሻ የሚያልፈው የመኪና መንገድ የጣሊያን ወረራ ዘመን ሥራ ስለሆነ ከጌሙ አውጥተነዋል።

የሚቀጥለው መንዝ ነው። በመሐል ሜዳና በሞላሌ ዙሪያ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናትን ቦታ የምታውቁ ካላችሁ የጂፒኤስ ነጥብ ላኩልን፤ በዚያ በኩል ያለን ነጥብ ገና ስስ ነው።