በሉሾቶ ተራራ ሦስት ሮዝ ሐረጎች

ታንዛንያ ውስጥ ከሞምቦ ወደ ተራራማዋ ከተማ ሉሾቶ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ አውቶቡሱ በዞረ ቁጥር የጎረቤቴ ጆንያ ጉልበቴ ላይ ይወድቅ ነበር። ከዚያ ጉዞ ሌላ የማስታውሰው የለም።

ሰው ሉሾቶ ወዳለችበት ኡሳምባራ ተራሮች የሚመጣው ገደሉን ለማየት ነው። እኔ የመጣሁት በማለዳ ፈክቶ ቀትር ላይ የሚጠወልገውን ሮዝ የሐረግ አበባ በዓይነቱ ለመለየት ነበር። እኛ ዘንድ የሚጠመጠም ሁሉ ሐረግ ተብሎ ይታለፋልና ነገሩ ሲከነክነኝ ኖሯል።

አስጎብኚው ወጣት በእንግሊዝኛ «ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት» አለኝ። የውጭ አገር ሰዓት መስሎኝ ቀትር ላይ ወጣሁ። ለካስ ታንዛንያውያንም እንደኛ ቀኑን የሚቆጥሩት ከንጋት ነው! ልጁ ከጎህ ጀምሮ በር ላይ ቆሞ ጠብቆኛል። አበባው ሁሉ እንደ ረጠበ ወረቀት ተጨማድዶ አገኘሁት። የሙሉ ቀን ሒሳብ ሲጠይቀኝ እየተነጫነጭኩ ከፈልኩ። ከሰው ሁሉ እኔ በዚህ ሰዓት መሳሳቴ እስከ ማታ አበሳጨኝ።

በማግስቱ በሰዓቱ ተገኘሁ። አጥሩን የሸፈነው በሳይንሳዊ ስሙ አይፖሚያ ካይሪካ ነበር። ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ እጅ አምስት ጣት አለው፤ የታችኞቹ ጣቶች ደግሞ ስለሚሰነጠቁ ሰባት ብዬ ቆጥሬ ነበር። ስሙ የካይሮ ቢሆንም አፍሪካን ያዳረሰ ሐረግ ነው። ሁለተኛው ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው፣ አበባውን ከሥር የሚያቅፉት አረንጓዴ ቅጠሎች ግርጌ ላይ ጠጉር የበቀለበት አይፖሚያ ፑርፑሪያ ነው። ዘሩ ከሜክሲኮ ወገን መሆኑን ሳስታውስ ትንሽ ቅር አለኝ፤ ያን ያህል መንገድ ሄጄ ያገኘሁት እንደኔው እንግዳ ነው።

ሦስተኛው እርከኑ ጫፍ ላይ መሬት ለመሬት ተስቧል። አበባው ፈዛዛ ሮዝ፣ ጉሮሮው ጠቆር ያለ ነው። ተንበርክኬ ግማሽ ሰዓት ያህል ፎቶ አነሳሁት። መቆፈሪያ የያዙ አሮጊት ቆመው ያዩኛል። ልጁ «ሺካሞ ቢቢ» ብሎ በአክብሮት ሰላም አላቸው፤ እሳቸውም «ማራሃባ» ብለው መለሱና ሐረጌን ከሥሩ ነቀሉት። ስኳር ድንች! በሳይንሱ አይፖሚያ ባታታስ፣ የሁለቱ የቅርብ ዘመድ፤ ግን የዱር ሳይሆን የአሮጊቷ ማሳ ነው።

ይቅርታ ስጠይቅ ድንቹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ። ማታ ያረፍኩበት ሆቴል ቀቅሎ አቀረበልኝና ለመቀቀያ 2,000 ሺሊንግ ሒሳቤ ላይ ጨመረብኝ።