ኳሱን ያቀበለው ማን ነው?

እናቴ ስለ ሥራዬ ስትጠየቅ «ኳስ ቤት ነው» ትላለች። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ቡና የሚያጣጧት ጎረቤቶቿም ወዲያው «ለማን ይጫወታል?» ይላሉ። አልጫወትም። ኳሱም እነሱ የሚያውቁት ኳስ አይደለም፤ አሜሪካኖች በእጃቸው ታቅፈው እየሮጡ «ፉትቦል» የሚሉት ነው። የምሠራው ከ32ቱ ፕሮፌሽናል ቡድኖች በአንዱ፣ በተጫዋች ምልመላ ክፍል ውስጥ ነው፤ የቡድኑን ስም አላነሳም። ስጀምር መመልመል እንኳ አልነበረም ሥራዬ። መልማዮቹ የጻፉትን ኮምፒውተር ውስጥ መክተት፣ ቪዲዮ መቆራረጥ፣ አየር ማረፊያ ሄዶ እንግዳ መቀበል ነበር።

በሦስተኛው ዓመቴ ሞቢል ላኩኝ።

ሞቢል በአላባማ ግዛት ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። ሲኒየር ቦውል የሚባለው ጨዋታ በፈረንጆች 1950 ላይ ፍሎሪዳ ተጀምሮ በዓመቱ ወደዚያ ዞረ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነቀነቀም። ኮሌጅ የሚጨርሱ ምርጥ ተጫዋቾች ለሁለት ተከፍለው ቅዳሜ ይገጥማሉ። ነገር ግን ከእኛ ሰዎች ጨዋታውን ቁጭ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ ሐሙስ ማታ ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ። የሚመጡት ለማክሰኞ፣ ለረቡዕና ለሐሙስ ልምምድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በኮሌጅ ዘመኑ አንዱ ልጅ የገጠመው ከዓመት በኋላ የኢንሹራንስ ሠራተኛ የሚሆነውን ሁሉ ነው፤ እዚህ ግን ፊቱ የሚቆመው እንደ እሱ ለሚያዝያው ድራፍት፣ ቡድኖቹ ከኮሌጅ የሚወጡትን ተራ በተራ ለሚመርጡበት፣ የታጨ ነው። ሦስት ቀን፣ ጎበዝ ከጎበዝ።

ከልምምዱ በፊት ልኬቱ አለ። ልጆቹ በቁምጣ ብቻ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ቁመት፣ ክብደት፣ የመዳፍ ስፋት፣ የክንድ ርዝመት ይለካና በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ ወንበር ላይ የተደረደረው ሰው ሁሉ ይጽፋል። ቁመት የሚጻፈው በአራት አሃዝ ነው። «6023» ማለት 6 ጫማ ከ2 ኢንች ከ3 ስምንተኛ ነው። በኮሌጁ ወረቀት ላይ 6 ጫማ ከ4 የነበረ ልጅ እዚያ መድረክ ላይ ሁለት ኢንች ሲያጥር ማየት የተለመደ ነው። መዳፍ የሚለካው ተዘርግቶ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ነው፤ እናቴ ስንዝር የምትለው ማለት ነው። ክንዳቸው ግን የእኛ ክንድ አይደለም፤ ከክርን ሳይሆን ከትከሻ ይጀምራል። ይህን በስልክ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «ጥርሳቸውንስ አያዩም?» አለችኝ። የበሬ ገበያ አስታውሷት ነው። ሳቅኩ፤ ግን ያን ቀን ማታ ሳስበው ያን ያህል አላሳቀኝም።

የእኔ ድርሻ አንድ ለአንዱ ነበር። አንድ ለአንድ ማለት ኳርተርባኩን፣ ኳስ ወርዋሪውን፣ የሚጠብቅ የመስመር ተጫዋችና ኳርተርባኩን ሊጥል የሚመጣ ተከላካይ ብቻቸውን የሚጋጠሙበት ልምምድ ነው። ኳርተርባኩ በሚቆምበት ቦታ አንድ ነገር ወይም አንድ ሰው ይቆማል፤ ፊሽካ ይነፋል፤ ሁለትና ሦስት ሰከንድ ግፊያ፣ ከዚያ ቀጣዩ። አጥሩ ላይ የተደገፈው ሕዝብ ጩኸቱን የሚያቀልጠው ለዚህ ነው። 2014 ላይ ተከላካዩ አሮን ዶናልድ ከፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ ሞቢል ላይ የገጠመውን ሁሉ ሲያልፍ የነበሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል። ለቦታው ቁመቱ አጭር ነው ይባል ነበር። በዚያው ዓመት በ13ኛ ተመረጠ፤ ኋላም ሦስት ጊዜ የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሆነ። እንዲህ ያለ ታሪክ እንደኔ ያለውን ጀማሪ ያሳስታል። አንድ ለአንድን ቆጥረህ መጻፍ ብቻ የሚበቃ ይመስልሃል።

እኔም ቆጠርኩ። ታብሌቴ ላይ የተጫዋቹ ቁጥር፣ የተጋጣሚው ቁጥር፣ ካሸነፈ ፕላስ፣ ከተሸነፈ ማይነስ። መቀመጫዬን ደረጃው ላይ ከፍ ብዬ ያዝኩ፤ ነፋስ የለም፣ ሁሉም ይታያል። ቢያንስ የሚታይ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ማታ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ነበረን። (የዚያ ሳምንት የሞቢል ሆቴሎች ለብቻቸው አንድ ትዕይንት ናቸው። ሥራ የለቀቀም የተባረረም አሰልጣኝ ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ ቆሞ የሚያውቀውን ሰው እጅ ይጨብጣል፤ ቡና የያዘው ግማሹ ሰው ሥራ ፈላጊ ነው።) የክፍላችን ኃላፊ ስም እየጠራ ሁሉም ያየውን ይናገራል። ከአንድ ትንሽ ኮሌጅ የመጣ ልጅ ላይ ደረሰ። በኮሌጁ ሦስት ዓመት የግራ ታክል፣ በጠባቂዎቹ መስመር ዳር የሚቆመው፣ ሆኖ የተጫወተ ነው፤ ልኬቱ ላይ ክንዱ 33 ኢንች ሳይሞላ ቀርቷል። ለታክል ቦታ ብዙ ቡድኖች ከ33 በታች ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ከዳር የሚመጣውን ፈጣን ተከላካይ ቀድሞ የሚነካው ክንዱ የረዘመው ነውና።

ማንም ሳይጠይቀኝ አፌን ከፈትኩ። «ዛሬ 6 ዙር ገጥሞ 5ቱን ተሸንፏል» አልኩ። ቀጠልኩና፣ እግዜር ይይልኝ፣ «ሌላ ቦታም የሚሆን አይመስለኝም» ብዬ ጨመርኩ።

ከጥግ የተቀመጡት አዛውንት መልማይ መነጽራቸውን አወለቁ። ሽበታሙ ሰውዬ ሥራውን የጀመሩት እኔ ሳልወለድ ነው፤ አሜሪካኖቹ በስማቸው ይጠሯቸዋል፣ እኔ ግን በልቤ ጋሼ ነው የምላቸው፤ ስማቸውን ብቻውን መጥራት ምላሴ እምቢ ይለኛል።

«ምን ቦታ ቆሞ?» አሉኝ።

ታብሌቴን አየሁ። ቦታ የሚል ዓምድ የለኝም። «ጋርድ መሰለኝ» አልኩ፤ ጋርድ ከታክሉ ቀጥሎ ወደ መሐል የሚቆመው ጠባቂ ነው።

«ኳሱን ያቀበለው ማን ነው?»

ይህን ጥያቄ ጭራሽ አልተረዳሁትም። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ኃላፊው «ቪዲዮውን ክፈቱት» አለ። ቪዲዮ የሚከፍተው ደግሞ እኔ ነኝ፤ የራሴን ጉድ በራሴ እጅ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

የመጀመሪያው ዙር ሲታይ ልጁ እሱ አይደለም። እዚያ ተጫዋቾቹ ማልያቸው አንድ ቢሆንም ሄልሜት የሚያደርጉት የየኮሌጃቸውን ነው። ከላይ ሆኜ ቁጥሩ በሰው ሲሸፈንብኝ በሄልሜቱ ቀለም ነበር የምለየው፤ ወይን ጠጅ ሄልሜት ያደረጉ ግን ሁለት ነበሩ። የሌላውን ሽንፈት ለዚህ ልጅ ሰጥቼዋለሁ። ጋሼ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ጣታቸውን ብቻ ቀጣዩ እንዲሄድ አወዛወዙ።

በሁለተኛው የቀኝ ጋርድ ሆኖ ቆሞ ተሸነፈ። ይህኛው የምር ሽንፈት ነው። ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ልጁ መሐል ላይ ጎንበስ ብሎ ኳሷን ይዟል። አሰልጣኞቹ ሴንተር አድርገውታል። ሴንተር ማለት ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ አቀብሎ በዚያው ቅጽበት ፊቱ ያለውን ተራራ የሚያክል ሰው የሚገፋ ነው። ሦስት ዓመት ዳር ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ነፃ አድርጎ ይጠብቅ የነበረ ልጅ፣ አንድ እጁ ከእግሮቹ ሥር ሳለ ተጋጣሚው ደረቱ ላይ ደረሰ። ሦስተኛው ሽንፈት፣ አራተኛው ሽንፈት። አምስተኛው ላይ ጋሼ «አቁመው» አሉ። ምስሉ ሲቆም ልጁ ቀኝ እጁን ሳይጠብቅ ግራውን አስቀድሞ ሰንዝሯል። አሁንም ተሸነፈ፤ ግን ለመሸነፍ ከሌሎቹ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደበት። ስድስተኛውን፣ እኔ ፕላስ ያልኩትን፣ አሸነፈ።

«እና ጥሩ ነው ማለትዎ ነው?» አለ ኃላፊው።

«አላልኩም» አሉ ጋሼ። «አምስት ገጥሞ አራት ተሸንፏል። መቼ፣ ምን ሲያደርግ እንደተሸነፈ ግን አሁን ገና አወቅን።»

ከዚያ የአሊ ማርፔትን ነገር አነሱ፤ ነገሩ ለእኔ እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። ማርፔት የመጣው ሆባርት ከሚባል፣ ለስፖርተኛ በስፖርቱ ብቻ ስኮላርሺፕ ከማይሰጡት የዲቪዥን ሦስት ኮሌጆች ነው። የግራ ታክል ነበር። 2015 ሞቢል ላይ ከትልልቆቹ ኮሌጆች ልጆች ጋር ተገፋፋ፤ በዚያው ዓመት ታምፓ ቤይ በሁለተኛው ዙር፣ በ61ኛ፣ ወሰደው። ጋርድ አደረጉት፤ 2017 ላይ ሴንተር አደረጉት፤ ተመልሶ ጋርድ ሆነና ሱፐር ቦውልን፣ የሊጉን ዋንጫ፣ በላ። «ታክል ነው ብሎ ፋይሉን የዘጋ ሰው ነበር» አሉና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም። ያናደደኝ መሳሳቴ ብቻ አይደለም፤ ሳልጠየቅ መናገሬ ነው። ስለ አንድ ለአንድ ራሱ ማሰብ የጀመርኩትም ያኔ ነው። ልምምዱ ለጠባቂው ያደላል እንዳይባል ጭራሽ ያደላበታል። በእውነተኛ ጨዋታ ጎኑ ጋርድ አለለት፤ ኳሱ ቶሎ ሊወረወር ይችላል፤ ተጋጣሚውም ሩጫ ይሁን ውርወራ አያውቅም። እዚህ ግን ግራም ቀኝም ሜዳው ክፍት ነው፤ ሁሉም ምን እንደሚመጣ ያውቃል። የክንፍ ተቀባዮቹና የኋላ ተከላካዮቹ አንድ ለአንድም እንዲሁ ነው፤ ኳርተርባኩን የሚያስቸኩለው ስለሌለ ተቀባዩ እንዳሻው ይጠማዘዛል። እኔ ይህን ሁሉ በአንድ ሰረዝ ማይነስ ብዬ አልፌዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ደረጃው ላይ ሊያስቀምጡኝ አልፈለጉም። አጥሩ ሥር፣ ከተጫዋቾቹ በስተኋላ፣ ላባቸው በሚሸትበት ቦታ አቆሙኝ። ታብሌቱን ቦርሳ ውስጥ አስከተቱኝና «ለግማሽ ሰዓት እግሩን ብቻ እይ» አሉ።

እግሩን አየሁ። ከላይ ሆኖ የማይታይ ነገር ከታች ይታያል፤ ተጋጣሚው ሲገፋው ተረከዙ ከመሬት ይነሳል ወይስ አይነሳም። ማክሰኞ ይነሳ እንደሆነ አላውቅም፤ አላየሁትማ። ሐሙስ ግን ኳሱን አቀብሎ ግራ እጁን ሲሰነዝር ተረከዙ መሬት ይዞ ነበር። ከአምስቱ ዙር ሦስቱን ያዘ። ከጋሼ ጋር ስንቆጥር እኔ ሁለት ዙር ጎድሎኝ ተገኘሁ፤ ሌላ ልጅ እግር ላይ ዓይኔ ተጣብቆ አመለጡኝ። አልተቆጡም።

ከዚያ ሙሉ ቡድን ለሙሉ ቡድን ሲገጥሙ ልጁ ኳሷን ከኳርተርባኩ ራስ በላይ ላካት። ተንከባለለች፤ ሦስት ሰው ተረባርቦ ወደቀባት። አጥሩ ላይ ሳቅ ሆነ። ፊቴን ወደ ጋሼ ሳዞር «ጻፈው እንጂ» አሉኝ። ጻፍኩት። ቦታ፦ ሴንተር። ኳሱን ያቀበለው፦ ራሱ። ውጤት፦ ከራስ በላይ።

በመጨረሻ ያስገባሁት ሪፖርት ሁለት ገጽ ሆነ። «መሐል ላይ የመጀመሪያ ሳምንቱ ነው፤ በመጋቢት ኮሌጁ ሄደን በሴንተርነት ልናየው ይገባል» የሚል ነበር ጭብጡ። ሄዱም። እኔን ግን አልወሰዱኝም፤ ቢሮ ቀርቼ ቪዲዮ ስቆራርጥ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ድራፍቱ ደረሰ። ሰባት ዙር፣ ሦስት ቀን፣ ከ250 በላይ ስም። የእኛ ቡድን ልጁን አልወሰደውም፤ ከአለቆቹ አንዱ ክንዱን ሊረሳለት አልቻለም። በሦስተኛው ቀን ሌላ ቡድን ጠራው፤ ከስሙ ሥር የተጻፈው «ሴንተር» ነበር። ጋሼ እዚያው አጠገቤ ተቀምጠው ሳንድዊች እየበሉ ነበር። እኔ ቢያንስ አንድ ነገር እንዲሉ ጠብቄ ነበር። «ሰናፍጩን አቀብለኝ» አሉኝ።

አሁን እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል። ሞቢል የምሄደው እኔ ነኝ፤ አጥሩ ሥር ነው የምቆመው፤ ዝናብ ከመጣም እዚያው ነው። ታብሌቱ ላይ ሁለት ዓምድ ጨምሬአለሁ። አንዱ ቦታ ነው፤ እሱ ሁልጊዜ ይሞላል። ሁለተኛው «ኳሱን ያቀበለው ማን ነው?» ይላል። ይሄኛው ከመቶው ዙር ዘጠናው ላይ ባዶ ነው የሚቀረው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀብለው ሠራተኛ ወይም አሰልጣኝ ነውና።

ባለፈው አዲሱ ኃላፊያችን ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንሸራትት ቆየና «ይሄ ባዶ ዓምድ ምን ያደርጋል? ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ይቆይ» አልኩት።