ፊምካፕ ቪዛ አይሰጥም፦ ስድስት ወጣቶችን ከጋና ወደ ጀርመን ካምፕ ያስመጣሁበት መንገድ

ፊምካፕ፣ ዓለም አቀፉ የካቶሊክ ቁምስና ወጣቶች ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ቪዛ አይሰጥም፣ ትኬትም አይቆርጥም። ከዚህ የጀመርኩት የሚደርሰኝ ጥያቄ አብዛኛው ከዚሁ ስለሚነሣ ነው። «ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን» ሲባል ሰው በጀትና ማኅተም ያለው ትልቅ ቢሮ ይታየዋል። ፊምካፕ ግን በየቁምስናው ከልጆችና ከወጣቶች ጋር የሚሠሩ ማኅበራት ጥምረት ነው፦ የቤልጅየም ፍላንደርስ ኪሮ፣ የፊሊፒንስ ኪሮ፣ የኦስትሪያ ካቶሊሼ ዩንግሻር፣ የስዊዘርላንድ ዩንግቫኽት ብላውሪንግ፣ የጀርመን ካቶሊሼ ዩንገ ገማይንደ (እኛ በአጭሩ ካዮትጌ የምንለው)፣ የጋናው የካቶሊክ ወጣቶች ድርጅትና ሌሎችም። ፌዴሬሽኑ የሚያገናኛችሁ ከሚታመን አጋር ጋር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የጋባዡ ቁምስና ዕዳ ነው።

እዚህ የምጽፈው ለኦገስት የበጋ ካምፕ ስድስት ወጣት መሪዎችን ለ16 ቀን ለማስመጣት ምን በምን ቅደም ተከተል እንደሠራሁ ነው። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሥራውን በኖቬምበር ጀመርኩ። ዘጠኝ ወር ብዙ ይመስላል፤ ወደ ኋላ ስትቆጥሩት ግን ጠባብ ነው። የሸንገን (የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ከ6 ወር በፊት አይገባም፣ ከ15 ቀን በታች ሲቀረውም አይገባም። ውሳኔው በተለምዶ 15 ቀን ይወስዳል፤ ተጨማሪ ምርመራ ካለ እስከ 45 ቀን ይሄዳል። በዚህ ላይ የቀጠሮ ወረፋ አለ። ስለዚህ የስም ዝርዝሩን በጃንዋሪ መጨረሻ ዘጋሁ፣ የግዴታ ወረቀቱን በማርች አስወጣሁ፣ እንግዶቹ ደግሞ በኤፕሪልና በሜይ መካከል አመለከቱ።

የግዴታ ወረቀት የምለው ጀርመኖቹ ፈርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ የሚሉትን ነው (አንድ ትንፋሽ አይበቃውም)። ጋባዡ በሚኖርበት ከተማ አውስሌንደር ቢሮ (የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ) ይወጣል፣ ለአንድ እንግዳ 29 ዩሮ፤ ለስድስቱ 174 ዩሮ ከፈልን። ማመልከቻው ሲገባ ከ6 ወር በላይ ያረጀ ከሆነ አይቀበሉትም፤ ቸኩላችሁ በዲሴምበር ብታስወጡት ቀጠሮው ሲገፋ ወረቀቱ በእጃችሁ ይሞታል። ኤምባሲው የሚፈልገው ዋናውን ስለሆነ በኩሪየር መላክ አለበት። ስድስቱንም በአንድ ፖስታ አትላኩ፤ ፖስታው ቢጠፋ ስድስቱም ይጠፋሉ። ሦስት ሦስት አድርጌ በተለያየ ቀን ነው የላክኩት።

ማን ይፈርም? ይህን ቸል ማለት አደጋ አለው። ፈራሚው እስከ 5 ዓመት ድረስ ለእንግዳው ኑሮ፣ ሕክምናና አስፈላጊ ከሆነም ለመመለሻው ወጪ ተጠያቂ ነው። ደግ ልብ ያለው አንድ የቁምስናው አባል «እኔ እፈርማለሁ» ሲል አመስግናችሁ እምቢ በሉት። የአጥቢያ የወጣት ቡድን ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱን ችሎ ያልተመዘገበ ስለሆነ ሊፈርም አይችልም። ሕጋዊ ሰውነት ያለው ቁምስናው ነው፤ ለዚያ የቁምስናው አስተዳደር ምክር ቤት ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል፣ ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበትን ቀን ጠይቆ አጀንዳ ማስያዝም አንድ ወር ይበላል። ከቢሮው ከመውጣታችሁ በፊት ወረቀቱ ላይ የገንዘብ አቅም የሚለውን መስመር አንብቡ። «ናኽገቪዘን»፣ ማለትም በማስረጃ ተረጋግጧል፣ የሚለው ምልክት ከሌለበት ኤምባሲው ላይቀበለው ይችላል። እዚያው መስኮቱ ላይ ማስተካከል ደቂቃ ነው፤ በኋላ ግን አዲስ ቀጠሮ ነው።

ስም። በግብዣ ደብዳቤው፣ በግዴታ ወረቀቱ፣ በኢንሹራንሱና በትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል መግጠም አለበት። ስም በቴሌግራም ተጽፎ ሲመጣልኝ አልቀበልም፤ የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ ጠይቄ ከታች ካሉት ሁለት የማሽን መስመሮች ነው የምገለብጠው። ፓስፖርቱ በመጨረሻዎቹ 10 ዓመታት የወጣ፣ ከሸንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይና 2 ባዶ ገጽ ያለው መሆኑንም በዚያው አያለሁ። ከኢትዮጵያ ለምትመጡ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ ፓስፖርታችሁ ላይ የቤተሰብ ስም የሚለው ቦታ የያዘው የአያት ስም ነው፣ የአባት ስም ከራሳችሁ ስም ጋር ይሄዳል፤ ጀርመናዊ ጋባዥ «ፋሚሊየንናመ» (የቤተሰብ ስም) ሲላችሁ የአባታችሁን ስም ከነገራችሁት ሰነዶቹ የሁለት ሰው ይመስላሉ። ሁለተኛ፣ የጥምቀት ምስክር ወረቀትና የትምህርት ቤት ማስረጃ ላይ ያለው የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ትርጉሙ ወደ ፈረንጅ ተቀይሮ ከፓስፖርቱ ጋር መመሳከር አለበት። ሰዓትም አለ፦ «2 ሰዓት ላይ ደውሉልኝ» ብላችሁ ብትጽፉ ከሰዓት በኋላ ይደወልላችኋል።

ክፍያን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሸንገን ቪዛ ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ነገር ግን የቪዛ ሕጉ አንቀጽ 16 ንዑስ 4፣ ፊደል «መ»፣ 25 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ፣ ትርፍ የሌለው ድርጅት ባዘጋጀው ሴሚናር፣ ጉባኤ፣ ስፖርት፣ የባህል ወይም የትምህርት ዝግጅት ላይ የሚሳተፉ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተወካዮችን ከክፍያ ነጻ ያደርጋል። ከስድስቱ አራቱ በዚህ ገቡ፤ 360 ዩሮ ቀረልን። ነጻ መሆናቸው በራሱ አይመጣም፤ የግብዣ ደብዳቤው ሁለቱም ድርጅቶች ትርፍ እንደሌላቸው፣ ወጣቱ የማኅበሩ «ተወካይ» ሆኖ እንደሚመጣ፣ ዝግጅቱም ትምህርታዊ እንደሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት። «እንግዳችን» ብቻ ካላችሁ ይከፍላል። አንቀጹን አትመው ይያዙ፤ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ሁልጊዜ አያውቀውም። ማመልከቻ ተቀባዩ ኩባንያ የሚያስከፍለው የአገልግሎት ክፍያ ግን አይቀርም።

ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በመላው ሸንገን የሚሠራና የቆይታውን ቀን ሁሉ የሚይዝ ይሁን። የቪዛ ኢንሹራንስ ሕክምናን እንጂ የተሰበረ መስኮትን አይሸፍንም፤ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ለብቻው አስገባን።

አሁን ወደማልወደው ክፍል። ቆንስሉ ከሁሉ በላይ የሚያየው ወጣቱ የሚመለስበት ምክንያት እንዳለው ነው፦ የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ፣ የአሠሪ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የባንክ እንቅስቃሴ። የፌዴሬሽኑ ደብዳቤ፣ የእኛም ሆነ የቆሞሱ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ውጤቱ ማኅበሩን በእውነት የሚሸከመው፣ ሥራ የሌለው ወጣት ቀርቶ ደሞዝተኛው መምጣቱ ነው። አጋሮቻችን ስም ሲመርጡ ይህን ሳንሸፋፍን ነገርናቸው፤ ሁለት ተጠባባቂ ስምም ከመጀመሪያው አስያዝን። ጀርመን ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለኤምባሲው የሚጻፈውን ይግባኝ ስላስቀረች፣ ለተከለከለ ሰው የቀረው መንገድ አዲስ ማመልከቻ ወይም በርሊን የሚገኘው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። ለካምፕ ፍርድ ቤት አይደረስም፤ ስለዚህ ፋይሉን አንድ ጊዜ፣ በደንብ።

ገንዘብ። ብዙ ቡድን ኢራስመስ ፕላስን፣ የአውሮፓ ኅብረትን የትምህርትና የወጣቶች ድጋፍ ፕሮግራም፣ ያስባል። የወጣቶች ልውውጡ ከ13 እስከ 30 ዓመት፣ ከ16 እስከ 60 ተሳታፊ፣ ከ5 እስከ 21 ቀን ነው፤ ከአውሮፓ ውጭ የሚቀበለው ግን ጎረቤት አገሮችን ነው፣ ጋናም ኢትዮጵያም የሉበትም። እኛ ከሀገረ ስብከቱ የዓለም ቤተ ክርስቲያን ክፍል፣ ከቁምስናው ባዛርና ከወጣቶቹ ኬክ ሽያጭ ሰበሰብን። በከተማ ለመንቀሳቀስ ዶይቼላንድቲኬት፣ የጀርመንን ወርኃዊ የሕዝብ ትራንስፖርት ትኬት፣ ገዛን። የሚሠራው በቀን መቁጠሪያ ወር ነው፤ ጉብኝቱ ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 9 ቢሆን ሁለት ወር ይከፈላል። ሙሉውን በኦገስት ውስጥ አስገባነው። ትኬቱ የደንበኝነት ውል ስለሆነ እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ካልተሰረዘ በሚቀጥለውም ወር ይቆርጣል።

የልጆች ጥበቃ ላይ ድርድር የለም። ከልጆች ጋር የሚያድር ጀርመናዊ መሪ ሁሉ ከልጆች ጋር ለሚሠሩ የሚወጣውን ሰፋ ያለ የወንጀል ነጻ ማስረጃ ያሳያል፤ ለበጎ ፈቃደኛ ነጻ ነው፣ ቡድኑ የሚሰጠውን ማረጋገጫ ይዞ የከተማው ቢሮ መሄድ ብቻ ነው። እንግዶቹ ከአገራቸው ፖሊስ አመጡ፣ የምግባር ደንቡንም በእንግሊዝኛ አንብበው ፈረሙ። መኝታ ለብቻ፣ ሻወር ለብቻ፣ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ብቻ አለመሆን። ይህን በመጀመሪያው ምሽት ከእራት በፊት፣ ለጀርመኖቹም ለጋናዎቹም እኩል ተናገሩ፤ ለእንግዶች ብቻ ከተነገረ እንደ ጥርጣሬ ይቆጠራል።

ወጥ ቤት። ካምፑ 45 ሰው ነበር፣ ምግቡ በጋዝ ነው። በጀርመን የካምፕ ልማድ ሩዝ ለአንድ ሰው 80 ግራም ጥሬ ይሰላል፣ ለ45 ሰው 3.6 ኪሎ። እንግዶቹ ጆሎፍ (በቲማቲም የሚበስል የምዕራብ አፍሪካ ሩዝ) ሊሠሩ ባሉበት ቀን ግን ሩዙ ማባያ ሳይሆን ዋናው ምግብ ነው፤ 120 ግራም ይዤ 5.4 ኪሎ ገዛሁ፣ አልተረፈም። 5.4 ኪሎውን በአንድ ጎላ መጣድ ግን ስሕተት ነው። ከታች ያራል፣ መሐሉ ይላሽቃል፣ ላዩ ጥሬ ይቀራል፤ ጆሎፍ ደግሞ ቲማቲም ስላለበት ከነጭ ሩዝ ቀድሞ ይይዛል። በሦስት ድስት፣ 1.8 ኪሎ በየድስቱ። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና ቃሪያው ለብቻ በዘይት ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ ይቁላላ፤ ጥሬነቱ ካልጠፋ ሩዙ ይጎመዝዛል። ከዚያ ሩዙና የፈላ መረቅ ይገባሉ። ውኃ ላይ የቤት ልማዳችሁን ተዉት። ቤት ለአንድ ኩባያ ሩዝ ሁለት ኩባያ ውኃ እናደርጋለን፤ በትልቅ ድስት ግን ከሩዙ ብዛት አንጻር የሚተነው ትንሽ ስለሆነ ያ መጠን ገንፎ ያወጣል። ለአንድ ኪሎ 1.5 ሊትር ያህል፣ የቲማቲሙን ውኃ ጨምሮ። በፎይል አፍኖ መክደን፣ እሳቱን መቀነስ፣ አለማማሰል፣ ሲያልቅ እሳቱን አጥፍቶ 20 ደቂቃ መተው። ሩዙ በከፊል ተቀቅሎ የሚሸጠው ፓርቦይልድ ይሁን፤ ባስማቲ በዚህ መጠን ይፈርሳል።

11 ኪሎው ጋዝ ሲሊንደር በትልቅ ምድጃ ለረጅም ጊዜ ሲነድ ግድግዳው ላይ አመዳይ ይይዛል፣ እሳቱም ይደክማል። ጋዙ አላለቀም፤ ፕሮፔኑ ቶሎ ቶሎ ሲተን ራሱን ያቀዘቅዛል። ሁለት ሲሊንደር አዘጋጅታችሁ እያፈራረቁ መጠቀም ነው መፍትሔው። በእሳት ማሞቅ የሚሞክር አይጠፋም፤ አስቀድማችሁ ከልክሉ።

ጾምንም ጠይቁ። ጋናዎቹ ዓርብ ሥጋ አለመብላት ብቻ ነበራቸው። በግእዝ ሥርዓት ከሚቀድሱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ካቶሊኮች እንግዳ ካላችሁ ግን ፍልሰታ፣ ከኦገስት 7 እስከ 21፣ በትክክል በበጋ ካምፕ ላይ ይወድቃል፤ የጀርመን «ቬጀቴሪያን» ደግሞ አይብና እንቁላል የሞላበት ነው። በቅጹ ላይ «ሥጋ ትበላለህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላልን ለየብቻ፣ ከነቀኑ ጠይቁ።

ፕሮግራሙን በተመለከተ አንድ ስሌት ብቻ፦ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ተራ በተራ የሚተረጎም 90 ደቂቃ የ40 ደቂቃ ይዘት ነው የሚይዘው። ሦስተኛ ቋንቋ ከገባ ተዉት፣ በክብ ተከፋፍላችሁ በሹክሹክታ ተርጉሙ። ጨዋታ ከሆነ አትተርጉሙ፤ አንድ ዙር አሳይታችሁ ጀምሩ፣ ልጆቹ ከእናንተ ቀድመው ይገባቸዋል።

ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የቦርዲንግ ፓሳቸውን ፎቶ አነሣሁ፣ አገራቸው ሲገቡ ደግሞ የመግቢያ ማኅተሙን ላኩልኝ። ሁለቱም ከቪዛው ቅጂ ጋር በየስማቸው ፋይል ውስጥ ናቸው፤ በሚቀጥለው ዙር ጋባዡ የእነሱ ማኅበር ሆነ የእኛ፣ ቁምስናው የጋበዘው ሰው በጊዜው መመለሱን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ የለንም።