አንቀጽ 47ን ከእህቴ ጋር

ታናሽ እህቴ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን የዜግነት ትምህርት ፈተና ስላለባት ማታ ማታ አብረን እናጠናለን። በእኔ ጊዜ ትምህርቱ ሲቪክስ ነበር የሚባለው። ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ እስከ ቁጠባና ዕውቀትን መሻት 11 ምዕራፍ ነበረው። ሸምድደን እንገባለን፣ ፊደል አክብበን እንወጣለን።

አዲስ ክልል እንዴት እንደሚመሠረት የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 47ም ያወቅኩት እንደዚያው ነው። የብሔረሰቡ ምክር ቤት ጥያቄውን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያጸድቅና በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ያቀርባል። ክልሉ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። «በአንድ ዓመት» የምትለዋ ለእኔ የፈተና መልስ ነበረች፣ በቃ።

ከዚያ ነገሩ እዚሁ ሐዋሳ መጣ። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ጥያቄውን ያጸደቀው ሐምሌ 2010 ነው። ዓመቱ ሞላ፤ ሕዝበ ውሳኔው ግን አልተካሄደም። የሐምሌ 2011ን ሰሞን እዚህ የነበረ ሰው አይረሳውም። ሱቁ ተዘጋ፣ ባጃጁ ቆመ፣ በከተማዋም በዞኑም ሰው ሞተ። ያቺ «አንድ ዓመት» ምን ያህል እንደምትከብድ የገባኝ ያኔ ነው። ሕግ ቀን ሲቆርጥ ሕዝብ ቀኑን ይቆጥራል። ይህን ክፍል ውስጥ የነገረን የለም።

ድምፅ የተሰጠው ኅዳር 10 ቀን 2012 ነው። እኔ 18 ስላልሞላኝ አልመረጥኩም። ጎረቤቶቻችን ግን ገና ሳይነጋ ወጥተው ተሰለፉ። በሰኔ ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ።

የሐዋሳ ልጅ ይህን ሁሉ በገዛ ከተማው አይቶ፣ አንቀጹን ለፈተና ብቻ ሲሸመድድ ያሳዝነኛል። ሕገ መንግሥቱ እኮ ቀጭን መጽሐፍ ነው። በየክፍሉ ቢኖር፣ ልጆቹ ራሳቸው ገልጠው ቢያነቡት፣ ቢከራከሩበት ምን አለበት?

ለእህቴ አንቀጽ 47ን ከነንዑስ አንቀጹ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰምታ «ክልሉ በዓመቱ ባያደራጅስ?» አለችኝ። አንቀጹ ላይ መልሱ የለም። «ታዲያ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ማነው? ፍርድ ቤት ነው አይደል?» አለች። አንቀጽ 62ን አወጣንና የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚለውን አሳየኋት። አላመነችም። ምክር ቤት ፖለቲከኛ የሚቀመጥበት ነው፣ እንዴት ዳኛ ይሆናል ብላ እስክንተኛ ተከራከረችኝ። ነገ ቲቸሯን ልትጠይቅ ነው።