የሚሠራ ኮምፒውተር አርጅቷል ሲባል

ማይክሮሶፍት ኮምፒውተርን ለሚያስኬደው ሶፍትዌሩ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በነሱ አቆጣጠር ናቸው። ነገሩ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ብዙ ሰው እንደ ተራ ዜና ነው ያየው። አሮጌው ሄደ፣ አዲሱ መጣ፣ በቃ። እኔ ግን በዙሪያዬ የማያቸው ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ አሮጌው ላይ ያሉ ስለሆኑ በቀላሉ ላልፈው አልቻልኩም። ምኑ እንደሚያናድደኝ ለይቼ ልጻፈው።

ድጋፍ ቆመ ማለት ኮምፒውተሩ ነገ ጠዋት አይበራም ማለት አይደለም። ይበራል፣ ይሠራል። ችግሩ አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው የለም። ሜይ 2017 ላይ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕመምተኞችን ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደርሰው ነበር። ያኔ ማይክሮሶፍት ከሦስት ዓመት በፊት ድጋፉን ላቆመበት ለአሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳ ድንገተኛ ማስተካከያ አውጥቷል። ስለዚህ ማስተካከያ የሌለው ኮምፒውተር ምን ሊያመጣ እንደሚችል እነሱም ጠንቅቀው ያውቁታል።

እውነቱን ለመናገር 10 ዓመት አጭር ጊዜ አይደለም። ዊንዶውስ 10 የወጣው በ2015 ነው። ማንም ድርጅት አንድን ሶፍትዌር ዕድሜ ልኩን ይጠግን አልልም። ሰው ወደ ዊንዶውስ 11 በነፃ መሻገር ከቻለ ምን ክፋት አለው? ክፋቱ በሩ ላይ ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ የኮምፒውተሩ አንጎል ከሆኑት የኢንቴል ቺፖች (ፕሮሰሰሮች) ደግሞ፣ ከጥቂት ውዶች በስተቀር፣ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን አይቀበልም። ስምንተኛው መውጣት የጀመረው በ2017 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስላይትሊ ዩዝድ እየተባለ የሚሸጠውን ላፕቶፕ የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ ጄኔሬሽን ነው ያለው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራው በሱ ነው፣ ትንንሽ ሱቆች ሒሳባቸውን የሚይዙት በሱ ነው፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ቲፒኤም ጥቅም የለውም አልልም። የመግቢያና የዲስክ መቆለፊያ ቁልፎችን ከሶፍትዌር ለይቶ መያዝ ጥሩ ነገር ነው። ግን የደህንነት ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን ምክንያት ለመቀበል የሚያስቸግረኝ አንድ ታሪክ አለ። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2018 ያወጣው ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 የሚባል ኮምፒውተር አለ፤ ዋጋው ከ3 ሺህ ዶላር በላይ። በውስጡ ያለው ቺፕ ሰባተኛ ጄኔሬሽን ነው። በ2021 ዊንዶውስ 11 ሲታወጅ ይህ ኮምፒውተር ገና እየተሸጠ ነበር። በመጀመሪያው ዝርዝር መሠረት በሩ ላይ መቅረት ነበረበት። ከዚያ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ዝርዝሩ ተከለሰና ያ ቺፕ ገባ። ተራው ሰው እጅ ላይ ያለው የዚያው ጄኔሬሽን ኮር አይ ፋይቭ የሚባለው የኢንቴል ቺፕ ግን ቀረ። መስመሩ ሲሰመር የማን ዕቃ ውጭ እንደሚቀር ታይቶ ነበር ማለት ነው። የራሳቸውን አስገቡ፣ የሌላውን ተዉት።

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ግን የማስተካከያው ነገር ነው። ማስተካከያው መሠራቱ አልቆመም! ለፋብሪካና ለልዩ መሣሪያዎች የሚሸጠው የዊንዶውስ 10 ዓይነት እስከ ጃንዋሪ 2032 ድረስ ድጋፍ አለው። የከፈለ ድርጅትም ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር፣ በየዓመቱ ዋጋው እጥፍ እየሆነ፣ እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። ለግለሰብ ደግሞ አንድ ዓመት ተፈቅዷል፤ ወይ 30 ዶላር ትከፍላለህ፣ ወይ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተህ የኮምፒውተርህን ሴቲንግ ወደነሱ ሰርቨር ትልካለህ፣ ወይ ከነሱ ያጠራቀምከውን ነጥብ ትሰጣለህ። አንዱ ክፍያ በአንድ አካውንት እስከ 10 ኮምፒውተር ይይዛል፤ ይሄ መልካም ነው። ግን 30 ዶላር ዛሬ ከ4 ሺህ ብር በላይ ነው፣ ብሩ ቢኖር እንኳ እዚህ አገር በተለመደው የባንክ ካርድ ወደ ውጭ መክፈል ምን ያህል እንደሚያስቸግር ሁላችንም እናውቃለን። መድኃኒቱ ተቀምሞ መደርደሪያው ላይ አለ። የሚከለከለው ላልከፈለ ወይም ሴቲንጉን ላልላከ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ግን ሌላ ሆነ። የሸማቾች ማኅበራት ተነሱ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ ተከራከሩ፣ ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ማይክሮሶፍት ለአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ነዋሪዎች የአንዱን ዓመት ማስተካከያ ያለ ክፍያም ሆነ ሴቲንግ ሳይልኩ እንደሚሰጥ አስታወቀ። አካውንት ብቻ ይበቃቸዋል። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ፍራንክፈርት ያለው የአጎቴ ልጅ በነፃ ያገኘዋል። እኔ ሳልከፍል ወይም ሴቲንጌን ሳልልክ አላገኘውም። ሶፍትዌሩ አንድ ነው፣ ቀዳዳው አንድ ነው፣ ቫይረሱም ድንበር አያውቅም። የተለየው የሚጮህለት ማኅበር መኖሩና አለመኖሩ ብቻ ነው።

ድርጅቱ ተቸግሮ ነው እንዳይባል፣ ጁን 2025 ላይ ባለቀው የሒሳብ ዓመት የተጣራ ትርፉ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

በዊንዶውስ ምትክ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ጫኑ የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ሊኑክስ ሚንት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ደህና አድርጎ ይሠራል፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ደስ ብሎኝ እጭናለሁ። ኢንተርኔት ለሚያይና ፊልም ለሚከፍት ሰው ከበቂ በላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ግን የጽሕፈት ሱቅ አላት። ሲቪ፣ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ ሁሉንም ዊንዶውስ ላይ በሚሠራው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ ነው የምትተይበው፤ ደንበኞቿም በፍላሽ የሚያመጡት የወርድና የኤክሴል ፋይል ነው። ለሷ ሊኑክስ ማለት የለመደ እጇን ከሥር ጀምሮ እንደገና ማስተማር ነው፣ ወረፋ የያዘ ሰው ፊቷ ቆሞ። የምትሠራው ሥራ አልተለወጠም። ኮምፒውተሯ ምንም አልጎደለውም። እንዲህ ያለውን ሰው ቀይሪ ለማለት አፌ አይደፍርም።

ደግሞ ሌላ መንገድ እንዳለ አይተናል። ጉግል የክሮምቡክ ላፕቶፖች ቶሎ ጊዜያቸው እያለፈ ትምህርት ቤቶች ሲማረሩ፣ ወቀሳው በዛና በ2023 የማሻሻያ ጊዜያቸውን ወደ 10 ዓመት አራዘመ። ጉግልና ሳምሰንግ ለዋና ዋና ስልኮቻቸው የ7 ዓመት ማሻሻያ ሰጥተዋል። የሚቻል ነገር ነው። ከማይክሮሶፍት የምፈልገውም ብዙ አይደለም፦ አዲስ ነገር ለመሸጥ የፈለጉትን ያድርጉ፣ አዲስ መልክ፣ አዲስ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ፣ ላሮጌው አይስጡ። የደህንነት ማስተካከያ ግን ተሠርቶ እስካለ ድረስ ለሁሉም ይልቀቁት። የግለሰቡ ዓመት ኦክቶበር 2026 ላይ ያልቃል፤ ያኔ እንደገና አውሮፓ ብቻ ጮኾ አውሮፓ ብቻ እንዳያገኝ እፈራለሁ። እኛም ጋ የሸማች መብት ጉዳይ ሲነሳ ዘይትና ስኳር ብቻ ሳይሆን ይሄም ቢነሳ ደስ ይለኛል።

እስከዚያው ላፕቶፕ ልትገዙ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሻጩ ኮር አይ ፋይቭ ነው ሲላችሁ በዚያ አትርኩ። ሙሉ ቁጥሩን ጠይቁ። አይ5-7200 ከሆነ ሰባተኛ ነው፣ ዊንዶውስ 11ን በደንቡ አይቀበልም። አይ5-8250 ከሆነ ስምንተኛ ነው፣ ይቀበላል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን የመጀመሪያውን አሃዝ ነው የምታዩት፤ አሥረኛና ከዚያ በላይ ሲሆን ሁለት አሃዝ ይሆናል። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ስምንተኛውን ውሰዱ። ሰባተኛውንም የገዛችሁ አትጣሉት፤ ፋይላችሁን ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጉ፣ ብራውዘራችሁን አፕዴት አድርጉ፣ ከማታውቁት ሰው የመጣ ፋይል አትክፈቱ።