ወራጅ አለ፣ ሐረጎ ላይ

ደሴ እያደርኩ ኮምቦልቻ ነው የምሠራው። አምና ክረምት ጠዋት ጠዋት መንገዱ መሀል ሐረጎ ተራራ ላይ ስንደርስ "ወራጅ አለ!" እያልኩ ረዳቱን አሳበድኩት። ሐረጎ ላይ ማን ይወርዳል? ከባሕር ዛፍና ከጉም በቀር ምን አለና? እኔ ግን ሆዴ አላስቆም ብሎኝ ነው።

ቁርስ በልቼ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ ሽንት ቤት እላለሁ። በቀን 5 ጊዜ። ተቅማጥ እንዳልለው ተቅማጥ አይደለም፤ መመላለሱ ነው ያስቸገረኝ። ደግሞ ይርበኛል። ሁለት እንጀራ ጥርግ አድርጌ ተነሥቼ ዳቦ እፈልጋለሁ። ክብደቴ ግን ከ61 ኪሎ ወደ 52 ወረደ። ቢሮ ያሉት "ምን ዓይነት ዳይት ነው፣ ለእኛም ንገሪን" ይሉኛል።

ክሊኒክ ሄድኩ። አንዴ ጃርዲያ፣ አንዴ ታይፎይድ፣ አንዴ ጨጓራ ተባልኩ። የሦስቱንም መድኃኒት ዋጥኩ። አንገቴን የነካ አልነበረም።

የያዘችው አክስቴ ናት። ነሐሴ ነው፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ቤቱ ሁሉ ጋቢ ውስጥ ነው፣ እኔ በቲሸርት ያልበኛል። ቡና ስትሰጠኝ ሲኒው ማስቀመጫው ላይ ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ። እጄን አየች፣ ከዚያ አንገቴን።

"እስቲ ቀና በይ። ውኃ ዋጪ።"

ዋጥኩ።

"ውይ ልጄ፣ እንቅርት!"

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባላል። እኔ ከጆሮ ደግፉ ጀምሬ ነው እንቅርቱ ላይ የደረስኩት።

ደም ተመረመርኩ። ቲኤስኤች የሚባለው ከምንም አይቆጠርም፣ ቲ4 የሚባለው የዕንቅርቱ ዕጢ ሆርሞን ግን ጣሪያ ነክቷል። ቲኤስኤች አንገት ላይ ያለውን ዕጢ፣ ታይሮይድን፣ "ሥራ" የሚለው ትእዛዝ ነው አሉኝ፤ ሆርሞኑ ሲትረፈረፍ ጭንቅላት ማዘዙን ይተዋል። ሐኪሙን "ታዲያ ምግብ ሆዴ ውስጥ አይቆይም ማለት ነው?" አልኩት። ሆርሞኑ ሲበዛ ሰውነት ይጣደፋል፣ የሆድ ጥድፊያው ግን በብዛት አንጀት ላይ ነው አለኝ። ጨጓራው ራሱ ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ቶሎ የሚያራግፍ አለ፣ እንደ ጤነኛው የሚሄድ አለ፣ ጭራሽ የሚዘገይም አለ። እኔ ሁሉም የሚፈጥን መስሎኝ ነበር።

ዕጢውን የሚገታው ፒቲዩ የሚባል ክኒን በቀን 3 ጊዜ፣ ለልቤ ምትና ለእጄ ደግሞ ፕሮፕራኖሎል ታዘዘልኝ። መራራነቱን አታንሡብኝ። እጄ በቀናት ውስጥ ረጋ። ሆዴ ግን ሳምንታት ፈጀ፣ ምክንያቱም ፒቲዩ አዲስ ሆርሞን እንዳይሠራ ያግዳል እንጂ ዕጢው ቀድሞ ያጠራቀመውን አያስወግድም። በ6ኛው ሳምንት ሐረጎን ሳልወርድ አለፍኩ። ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝ፣ ምንም አላለም።

በ4ኛው ወር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሰባት ሰዓት ላይ የበላሁት ሽሮ ማታ ድረስ እዚያው ቁጭ። ያገሳኛል፣ ሆዴ ይነፋል፣ ሽንት ቤት በሦስት ቀን አንዴ። ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ጋቢዋን ከአክስቴ ቀማኋት። ጎረቤት "መድኃኒቱ ጨጓራሽን ልጦት ነው" አለ። እኔም አመንኩና ላቆመው ትንሽ ቀረኝ።

ተመረመርኩ፤ ቲኤስኤች አሁን ከልክ በላይ ወጥቶ 14፣ ቲ4 ዝቅ። መድኃኒቱ ጨጓራዬን አልላጠም፤ ዕጢውን ከልክ በላይ አፍኖት፣ ሆርሞኑ ሲያንስ ጨጓራና አንጀቴ አብረው ሰነፉ። እዚህ ላይ ንዴቴን ልናገር፦ ያን ያህል ጊዜ ያለ ምርመራ በአንድ መጠን መቆየት አልነበረብኝም። ቀጠሮ ያራዘምኩት ግን እኔው ራሴ ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ።

መጠኑ ተቀነሰ እንጂ አልቆመም። ሐኪሙ አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠንቅቆኛል፦ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ጉንፋን ነው ብሎ መተኛት የለም፤ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ነጭ የደም ሴልን ማስቆጠር ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነም መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ጉበትን ማስመርመር ነው። ማቀዝቀዣዬ ላይ ጽፌ ለጥፌዋለሁ።

አሁን 57 ኪሎ ነኝ። ሽሮውን ሰባት ሰዓት እበላለሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይርበኛል። አክስቴ እሁድ እሁድ ውኃ ታስውጠኛለች።