ጣርማ በር፦ የሚናደውን አፋፍ ከታችም ከላይም

ሰሜን ሸዋ ባሕር የለውም፤ ዳርቻ ግን አለው። ከደብረ ብርሃን ወዲያ የተዘረጋው ደጋ ጣርማ በር ሲደርስ ድንገት ያልቃል። አፋፉ ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ ተጠማዞ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ 1,300 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህን ዳርቻ ዓመት ዓመት የሚበሉት ክረምቱና ውርጩ ናቸው።

አብዛኛው ሰው ደብረ ብርሃን አድሮ በማለዳ አፋፉ ላይ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። እኔ ደብረ ሲና ማደሩን እመርጣለሁ። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን በደንብ ይደረሳል። የአውቶቡሱ መነሻ ላምበረት መናኸሪያ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ከሾፌሮች አጣሩ፤ ባለፉት ዓመታት ይህ ጥያቄ የግድ ሆኗል።

ደብረ ሲና ማደር የሚሻለው በፀሐይዋ ምክንያት ነው። ገደሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ሰጥቶ ስለቆመ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ብርሃኑ ፊት ለፊት ያርፍበታል። ከታች ሆኖ ቀና ላለ ሰው ንብብሩ ቁልጭ ብሎ ይነበባል፦ ጥቁር ግድግዳ፣ ከሥሩ ተዳፋት፣ ደግሞ ግድግዳ፣ ደግሞ ተዳፋት። ከቀትር በኋላ ፊቱ ጥላ ስለሚሆን ይህ ሁሉ አንድ ጥቁር ነገር ይመስላል።

ግድግዳው ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ባዛልት ነው። ተዳፋቱ በብዛት የእሳተ ገሞራ አመድ ተጠቅጥቆ የሠራው ለስላሳ ድንጋይና ከላይ የወረደ ፍርስራሽ ነው። አንዳንድ ቦታ በሁለት ግድግዳዎች መካከል እንደ ሸክላ የቀላ ቀጭን መስመር ታያላችሁ። አንዱ ፍሳሽ ረግቶ፣ አፈር ለብሶ ከከረመ በኋላ ቀጣዩ ትኩስ ፍሳሽ ሲመጣበት አፈሩ ተጠብሶ የቀረበት ነው። በነገራችን ላይ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች በሌላው የኢትዮጵያ ደጋ የሚያገኙትን የዚህ ዓይነት ባዛልት ሳይቀር በዚሁ በጣርማ በር ስም ነው የሚጠሩት።

ከዚያ በመኪና ወደ ላይ። መንገዱ የሚያልፍበትን ዋሻ በእግር ለማቋረጥ አትሞክሩ፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ቦርቡሮ የሠራው ይህ ዋሻ ጨለማ ነው፣ የከባድ መኪና ጭስ ይታፈንበታል፣ መሸሻም የለውም።

ላይ ከደረሳችሁ በኋላ መጀመሪያ ፈልጋችሁ የምታዩት አንድ አምድ ይሁን። የረጋው ባዛልት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተርም እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ድንጋዩን ረጃጅም አምዶች አድርጎ ይለያየዋል። ጎኖቹን ቁጠሩ፦ በብዛት አምስት ወይም ስድስት ናቸው። መዳፋችሁን ጎኑ ላይ አድርጋችሁ ወደ ታች ስትጎትቱት አግድም የተሰመረ ወጣ ገባ ይዳስሳችኋል። ስንጥቁ እየቆመ፣ እየቀጠለ በትንሽ በትንሹ የወረደባቸው እርምጃዎች ናቸው። አሁን በትንሽ ጠጠር ቆርቆር አድርጉት። ጽኑው አምድ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከጀርባው የለቀቀው ባዶ ጋን እንደመቱት የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ የታፈነውን አትደገፉት።

አምዶቹ የሚወድቁት ከሥራቸው ነው። ዝናቡ በስንጥቁ ገብቶ ለስላሳው አመድ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ አመዱ በጊዜ ብዛት ወደ ሸክላ ጭቃ ስለተለወጠ ውኃ አያሳልፍም። ምንጮቹ በአንድ መስመር ተደርድረው የሚፈልቁትም ከዚያው ነው። ጭቃው ሲሸሽ የላይኛው ግድግዳ አየር ላይ ይቀራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ውኃ ሌሊት በረዶ እየሆነ ሲያብጥ አምዱን ከጎረቤቱ ይገፋዋል። አዲስ የተገነጠለበት ቦታ ከሩቅ ይለያል፦ ነባሩ ፊት ሽበት መስሎ የተለጠፈ ነጭ ነገር ሲኖረው አዲሱ ንጹሕ ጠይም ነው።

ስለዚህ አፋፍ ላይ ከመቆማችሁ በፊት ኋላችሁን እዩ። ከጠርዙ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ብዙ ጊዜ ሣር የሸፈነው ስንጥቅ ካለ ከእሱ ወዲያ ያለው ሁሉ ለመሄድ የተነሳ ነው። ስንጥቁን ከፊታችሁ አድርጉ። ወደ ገደሉ ያጋደለ ጥድ ካያችሁም መሬቱ ቀስ እያለ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። ምኒልክ መስኮት በተባለው ታዋቂ የመመልከቻ ቦታ ላይ ያየሁት ጎብኚ ሁሉ የሚሻማው ጫፏን ድንጋይ ነው፤ ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ቢሆን ፎቶው አይጎድልም። ድንጋይ ቁልቁል መወርወር ደግሞ ነውር ነው። ከታች እርሻ አለ፣ ከብት አለ፣ እረኛ አለ።

ናዳው ተረት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ በተባለው ቦታ ክረምቱን ውኃ የጠጣ ተዳፋት ተንሸራቶ ቤትና እርሻ ይዞ ወርዷል። ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ ከገደሉ ሥር አለመሄድ ነው የሚሻለው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ በልግ ከገባ ግን እንደገና ይረጥባል።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ስትሞቅ ሣር ለመጋጥ ወደ ላይ ይወጣሉ። ሲወጡ ጠጠር ስለሚያንከባልሉ በዚያ ሰዓት ከግድግዳ ሥር አትቀመጡ። የሚበላ ነገር አትስጧቸው።

ጭጋጉ የሚመጣው ከታች ነው። የቆላው ሙቅ አየር ገደሉን ይዞ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ጀምሮ አፋፉን ይውጠዋል፤ አንዳንዴ በአምስት ደቂቃ እግርን እንኳ ማየት ያስቸግራል። ጭጋጉ ከያዛችሁ፣ መንገድ አትፈልጉ፤ ባላችሁበት ቁጭ በሉ፣ ጋቢ ተከናነቡ፣ እስኪከፍት ጠብቁ።